ኩሬ ዳር ያልኩት «አይ»

የአንድ ቅዳሜ ታሪክ ልነግራችሁ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። በዚያ ቀን የሞተ ሰው የለም፤ የተወለደም የለም። ግን ከዚያ ቀን በፊት የነበርኩትን ነጃትን ዛሬ መንገድ ላይ ባገኛት፣ ሰላም ልትለኝ አፍራ መንገድ የምትቀይርብኝ ይመስለኛል።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በባዮሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከእናቴና ከአባቴ ጋር እኖራለሁ፤ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። በተማርኩት ትምህርት ሥራ ለማግኘት ስድስት ቦታ ለኢንተርቪው ተጠርቼ ስድስቱም ቦታ ወድቄያለሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አንገቴን ደፍቼ፣ ድምፄን ውጬ ስለምመልስ ሰዎቹ «ይቅርታ፣ ምን አልሽ?» ሲሉኝ ይውሉና በመጨረሻ መጠየቁን ይተዉታል። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እውነቷን ነው፣ አይነቅዝም። ግን ደግሞ አያበቅልም።

ዓሣ ማስገር የጀመርኩትም በዚሁ ዝምታዬ የተነሳ ነው። አንድ ጎረቤታችን ቤት ሲለቅ ግቢው ላይ ዘርግቶ ከሚሸጠው ዕቃ መካከል ቀጭን፣ ረጅም ዘንግ አየሁ። ለፍላይ ፊሺንግ የተሠራ ነው አለኝ። በዚህ ዓይነት አሰጋገር ትል ወይም ሥጋ አይሰካም። ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ይጠመጠምና ዝንብ ወይም የውሃ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። መንጠቆው ክብደት ስለሌለው ከበድ ያለውን ክር ወደ ኋላና ወደ ፊት በአየር ላይ እየወነጨፉ ነው ውሃው ላይ የሚያሳርፉት። ስጀምር ከዓሣ ይልቅ የራሴን ሻሽ ነበር ደጋግሜ የያዝኩት። ላባውን ግን በነፃ አገኝ ነበር። አባዬ ከሐላል ዶሮ ቤት ዶሮ ሲያሳርድ የአንገቱን ላባ በፌስታል ያመጣልኛል። ዶሮ ቤት ያሉት ሰዎች «ላባውን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ቢጠይቁት «የልጅ ነገር» ብሎ ያልፋቸዋል።

አባዬ ታክሲ ይነዳል። ተወልዶ ያደገው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው አፍ ላይ ነው። ቆሮሶ ዓሣ ሲጠበስ እያሸተተ ያደገ ሰው የእኔን ነገር ሊረዳው አልቻለም።

«ይዘሽ ትለቂዋለሽ?» አለኝ መጀመሪያ ያየኝ ቀን።

«አዎ አባዬ። ለክቼ እለቀዋለሁ።»

«ነጁ፣ እኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው ቢገኝ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ዱዓ ያደርግለት ነበር።»

እንዲህም እያለ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ከመግባቴ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ፓርክ፣ ኩሬው አጠገብ ያወርደኛል። ስድስት ሰዓት ላይ ፋርማሲ እስክገባ ሁለት ሰዓት ያህል አለኝ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ የሜሪላንድንም የቨርጂኒያንም የማስገር ፈቃድ አውጥቻለሁ። «እኔ ለመንጃ አንድ ፈቃድ ነው ያለኝ» እያለ ይስቅብኝ ነበር አባዬ።

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ማርች ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም። ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያ ወቅት ኩሬው መሐሉ ገና እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ዓሣው የሚገኘው ፀሐይ ጠዋት ቀድማ በምትመታው ጥግ፣ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ተጠጋግቶ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሦስት ዓመት በየጸደዩ ቴርሞሜትር በክር አስሬ እየነከርኩ ነው የደረስኩበት።

መንጠቆዬን እዚያ ጥግ ላይ አሳረፍኩና ሳልስበው፣ ቀስ ብሎ እንዲሰምጥ ተውኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የክሩ ጫፍ የትንፋሽ ያህል ጎበጥ አለ። ዘንጉን ቀና ሳደርገው ከታች የሆነ ነገር በክብ በክብ መዞር ጀመረ! ብሉጊል ነው። መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ደረቱ የበሰለ ብርቱካን መስሎ። መጥበሻ ላይ ልክክ ስለሚል እሱንና ዘመዶቹን አሜሪካኖች ፓንፊሽ ይሏቸዋል። ለካሁት፣ ለቀቅኩት፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። እንደገና ወረወርኩ። ሌላ! ከዚያ ሌላ! ሰባት ዓሣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

«አምስት ደቂቃ ሙሉ እዚህ ቆሜ ሳይሽ አልሰማሽኝም» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

ዘንጉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሽበታቸውን በአንድ ጉንጉን ወደ ኋላ የለቀቁ ነጭ ሴትዮ፣ እስከ ደረታቸው የሚደርስ የጎማ ሱሪ ለብሰው ቆመዋል። ሚስ ጆአን እባላለሁ አሉኝ። በአካባቢው ያሉትን ኩሬዎች ጤና ለሚከታተል ትንሽ ማኅበር ነው የሚሠሩት። ዓሣ በዘንግ ይይዛሉ፣ ይለካሉ፣ አንዲት ቅርፊት ለምርመራ ይወስዳሉ፣ ይለቃሉ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውርደው ገጽ በገጽ አነበቡት።

«የውሃ ሙቀት፣ ጥልቀት፣ ርዝመት፣ የሰማዩ ሁኔታ… የሦስት ዓመት! ይህን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ትጽፊዋለሽ?»

«እንዳልረሳው» አልኩ ወደ ጫማዬ እያየሁ።

ከት ብለው ሳቁ። ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ እኔ በሕልሜም ያላየሁትን ነገር ተናገሩ።

«ስሚ። ሰኞ ሳምንት የሚጀምር የስድስት ወር ሥራ አለ። የቀጠርኩት ተማሪ ትናንት ሐሳቡን ቀየረብኝ። ሌላ አንድ አመልካች ስላለ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ካለው ኩሬዬ ሆኜ ልደውልለት ነበር። ግን አሁን አንቺን አየሁ። ሥራው ይኸው አሁን የምትሠሪው ነው። ትፈልጊያለሽ?» አሉና እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተው የአድራሻ ካርዳቸውን ግማሽ ድረስ አወጡ።

ልቤ «አዎ» አለ። አፌ ደግሞ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለ፦

«አይ፣ ግድ የለም። አመሰግናለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ እናንተ ትረዱኛላችሁ። ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ በባዶ ሆዳችሁ «በልተን ነው የመጣን» ብላችሁ ታውቃላችሁ። በልቶ የመጣ ሁሉ እውነት በልቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ዘንድ የራበው እንግዳ አይገኝም ነበር። መጀመሪያ ሲሰጡት እጁን የሚዘረጋ ሰው ስስታም ነው ተብለን አድገናል። አንዴ «አይ» ይባላል፤ ባለቤቱ ይለምናል፤ ሁለተኛ በለሆሳስ «አይ» ይባላል፤ ሦስተኛው ላይ «እሺ፣ ካላችሁ» ይባላል። እኔም ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነበር።

«ኦኬ!» አሉ ሚስ ጆአን። ቅሬታ እንኳን የለባቸውም። ካርዱ ወደ ኪሳቸው ተመለሰ። «መልካም ቀን ይሁንልሽ። ደብተርሽን አደራ።»

ሄዱ። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን «እርግጠኛ ነሽ?» ይላሉ ብዬ እርምጃቸውን ቆጠርኩ፤ እውነት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። አርባ ሁለተኛው ላይ ቫናቸው ጋ ደረሱ። በሩ ተዘጋ። ቫኑ ተነሳ። እኔ አሁንም ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ።

አባዬ ሊወስደኝ ሲመጣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘኝ። ዘንጌን እንኳን አልጠቀለልኩም።

«ምነው? ዓሣው ሞተብሽ?»

መኪናው ውስጥ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ሞተሩን አጠፋው። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኩሬው አየ። እኔም አሁን ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እዚህ አገር የመጣሁ ዓመት» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። በረዶ የጣለ ቀን አለቃዬ ‹ሰፈርህ በመንገዴ ላይ ነው፣ ላድርስህ?› አለኝ። ‹አይ፣ አታስቸግር› አልኩት። ነዳጁን ሰጥቶ ሄደ። ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ ያቺ ከአዲስ አበባ የመጣሁባት ናት።»

«በጭራሽ አልነገርከኝም።»

«ይሄ ደግሞ ይወራል እንዴ! ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለእናትሽም አልነገርኳትም።» ወደ እኔ ዞረ። «‹መጀመሪያ ሲሰጡሽ አትቀበዪ› ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አይደል? በረዶውን ከሄድኩ በኋላ ነው ያስተማርኩሽ እኮ። አየሽ ድንቁርናዬን?»

አባቴ እንዲህ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መልስም ሳይጠብቅ ሞተሩን አስነሳ።

«የቱ ኩሬ ነው ያለችሽ?»

«አሌክሳንድሪያ ብቻ ነው ያሉት። አባዬ፣ ሥራ ልገባ ነው እኮ።»

«ሥራሽ ጋ ደውዪ።»

በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም። ለማናጀሬ ደወልኩለት። «ዛሬ አልመጣም» አልኩት። «አመመሽ?» አለኝ። ለመዋሸት ትንሽ ነበር የቀረኝ። «አይ፣ አላመመኝም። የጠፋብኝን ነገር ልፈልግ ነው» አልኩት። እሱም ግራ ገብቶት «እሺ… ያገናኝሽ» አለኝ።

ከዚያማ ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ! የቼሪ አበባ ሊያይ የመጣው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ የሌላ ስቴት ታርጋ የለጠፈ ሁሉ በቀስታ ይሄዳል። አባዬ ሃያ ዓመት የነዳበትን ችሎታውን ሁሉ አወጣው። ሌይን በቀየረ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ወንበሩን ጨብጬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የማውቃቸውን ኩሬዎች በጣቴ እቆጥራለሁ። በዘንግ የሚሰገርባቸው አራት ናቸው። አንዱ ዘንድሮ ደርቋል። አንዱ የግል ነው፣ አያስገቡም። ሁለት ቀሩ።

«የትኛው ይሻላል?» አለ አባዬ ዊልሰን ድልድይ ላይ።

«ትልቁ።»

ትልቁ ኩሬ ዳር ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ሮጬ ወረድኩ። ዝይዎች፣ ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ አንድ እንቅልፍ የወሰደው ሽማግሌ። የጎማ ሱሪ የለበሰ ሰው የለም። ዙሪያውን ሙሉ ዞርኩ። ዝይዎቹ አባረሩኝ። ተመልሼ መኪናው ውስጥ ስገባ ትንፋሼ ቆሟል፣ ጫማዬ ጭቃ ሆኗል።

«ሄደዋል። ደውለውለታል። አልቋል አባዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«ሁለት አላልሽም?»

«ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ከአፓርታማዎቹ ኋላ ያለው። እዚያ ምንም የለም።»

«እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ» አለ አባዬ ማርሽ እየቀየረ። «ተሳፋሪ መድረሻው ሳይደርስ አላወርድም።»

ከአፓርታማዎቹ ኋላ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቫኑን ነው። ቀጥሎ የሸበተውን ጉንጉን። ሚስ ጆአን ውሃው ውስጥ ወገባቸው ድረስ ገብተው በወደቀ ዛፍ አጠገብ እየወረወሩ ነው። ደስታዬ እግሬን አሠረው።

«ሂጂ እንጂ!» አለ አባዬ።

ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በጥሩ እንግሊዝኛ። ውሃው ዳር ስደርስ ከሦስቱ አንዱም የለም።

«ሃሎ» አልኩ።

«አንቺ!» አሉ ዞር ብለው። «ለምን ፈለግሽኝ? ወይስ ስለ ባሱ ሰምተሽ ነው?»

«የቱን ባስ?»

«እዚህ ግንድ ሥር ባስ የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ አለ ይላሉ፤ የሰፈሩ ሰዎች ሁሉ አይተውታል። የዚህ ኩሬ ዓሣ ስንት ዓመት እንደሚኖር ለማወቅ የእሱን ቅርፊት እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞከርኩ። ክንዴ ዝሏል። አንቺ ትሞክሪያለሽ?»

«አይ—»

አፌ ላይ እንዳለች ያዝኳት። ከሁለት ሰዓት መንገድና ከአንድ ኩሬ ዝይ በኋላ እንኳን ያቺ ቃል ከማንም ቀድማ ልትወጣ ነበር! ዋጥኳት።

«አዎ። እሞክራለሁ» አልኩ።

ከሣጥኔ ውስጥ ትልቁን መንጠቆ መረጥኩ፤ በጥቁር የዶሮ ላባ የጠመጠምኩት፣ እንዲሰምጥ አንገቱ ላይ ትንሽ የእርሳስ ብረት ያለበት። ባስ እንደ ብሉጊል አይደለም። አፉ ሲከፈት ቡጢ ያስገባል፤ በጸደይ መጀመሪያ ግን ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ሰነፍ ነው፣ አያሳድድም። ምግቡን አፍንጫው ሥር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ግንዱ ደግሞ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው። አንድ ክንድ ከሳትኩ መንጠቆው እንጨት ላይ ይቀራል።

መጀመሪያ ስወረውር አጠረ። ሁለተኛው ረዘመና ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ አላህ ይስጠው ነፋሱ አወረደልኝ። ሦስተኛው ከግንዱ ጎን፣ ጥላውና ብርሃኑ በሚለያዩበት መስመር ላይ ጠብ አለ። እንዲሰምጥ ተውኩት። ክሩን በግራ እጄ በጣት ልክ ሳብ። ማቆም። ሳብ። ማቆም።

ክሩ ቆመ።

«ግንዱን ያዝኩት» አልኩ በተስፋ መቁረጥ።

ግንዱ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ለመናገር እቸገራለሁ። ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ክሩ በጣቶቼ መካከል እያፏጨ ወጣ፣ አቃጠለኝም። ውሃው ፈነዳና አረንጓዴ ጎን ያለው፣ የሕፃን ያህል ነገር ወደ አየር ዘለለ፤ ራሱን ግራና ቀኝ አራግፎ ተመልሶ ወደቀ።

«ያ ረቢ!» አለ ከኋላዬ አባዬ። መቼ እንደወረደ አላየሁም። «ጎትቺ! ነጁ፣ ጎትቺ!»

«ክሩ ቀጭን ነው፣ ይበጠሳል!»

«ጎትቺ እላለሁ! ወደ እንጨቱ ሊገባብሽ ነው! እኔ ሐይቅ ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ጎት—»

«አባዬ፣ ዝም በል!»

ኩሬው ዙሪያ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባቴም። ድምፄ ከአፓርታማዎቹ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስ እኔው ራሴ ሰማሁት፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጫማዬን እንደለበስኩ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። ዓሣው ወደ ግንዱ ሲሮጥ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድሜ መንገዱን አሳትኩት፤ ሲጎትት ለቀቅኩለት፤ ሲደክም ወሰድኩበት። አንዴ ግንዱ ሥር ሊገባ አንድ ክንድ ሲቀረው ዞረ። እንደገና ሄደ። እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ጎኑን አሳየን። ሚስ ጆአን መረባቸውን ከሥሩ ዘርግተው ወደ ላይ ሲያነሱት ሦስታችንም አንድ ላይ ጮህን፤ አባዬ በአማርኛ፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እኔ ግን በምን ቋንቋ እንደሆነ አላውቅም።

ሃያ አንድ ኢንች። እጃችንን አርሰን ያዝነው፣ ለካነው፣ ከጎኑ አንዲት ቅርፊት ወሰድን። ከዚያ በሁለት እጄ ውሃው ውስጥ ይዤው ቆየሁ። ጉሮሮው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ በጅራቱ ፊቴ ላይ ውሃ ረጭቶኝ ሄደ።

«ለቀቀችው» አለ አባዬ ለማንም ሳይሆን። «ወላሂ ለቀቀችው።»

ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እርጥብ ሆኜ እየተንቀጠቀጥኩ እስቃለሁ። አባዬ እናቴ ለሥራ ያሰረችለትን ሳምቡሳ ከመኪናው አምጥቶ መጀመሪያ ለሚስ ጆአን ዘረጋላቸው።

«ኦ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ። ምንም አልፈልግም» አሉ።

«አንድ ብቻ» አለ አባዬ።

«እውነቴን ነው፣ ደህና ነኝ።»

«እናትየው ናት የሠራችው። ዓሣውን ለቀቃችሁብኝ፣ ይህን ደግሞ አትመልሱብኝ።»

ሳቁና አንድ አነሱ። በሁለት ጉርሻ ጨረሱት። አባዬ ሁለተኛ ሲዘረጋላቸው አልተግደረደሩም።

«እውነቱን ለመናገር ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ምንም አልቀመስኩም» አሉ ጣታቸውን እየጠረጉ።

«ታዲያ ለምን ‹አይ› አሉ?» አልኳቸው።

«እንዳላስቸግራችሁ ነዋ!»

አባዬ አፉን ከፈተ። ሊናገርልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ስድስቱን ኢንተርቪውም ቢችል ኖሮ እሱ ገብቶ ይመልስልኝ ነበር። ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ እኔ ልበለው።»

ወደ ሚስ ጆአን ዞርኩ። ዓይናቸውን እያየሁ።

«እኔም ጠዋት ‹አይ› ያልኩት እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሲጠየቁ እሺ ማለት ነውር ነው። ሁለተኛ እንዲጠይቁኝ እየጠበቅኩ ነበር። ሥራውን እፈልገዋለሁ። ጠዋትም እፈልገው ነበር። ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ ስውል ሁልጊዜ የማስበው ኩሬ ነው። ይህን ልነግርዎት ነው ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣሁት።»

ሚስ ጆአን ቀስ ብለው ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ደወልኩለት» አሉ። «እሺ አለኝ። ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።»

በግማሽ ሰዓት ተቀድሜያለሁ። ዝይዎች የሚያሳድዱኝ ሰዓት ላይ ሥራው ሰው አግኝቶ ነበር። ትልቁን ኩሬ ሳንረግጥ ቀጥታ እዚህ ብንመጣ እንኳን አንደርስም ነበር።

«አበቃ ማለቷ ነው?» አለ አባዬ በአማርኛ።

«ተይዟል።»

አባዬ ሳምቡሳውን መልሶ ጠቀለለው። እንባዬ መጣ፤ ግን የሚገርማችሁ፣ ሐፍረቱ አልመጣም። ጠዋት ሣሩ ላይ ተቀምጬ የተሰማኝ ዓይነት ሐዘን አልነበረም። የፈለግኩትን ተናግሬ ነው ያጣሁት፤ ይህ ለእኔ አዲስ ዓይነት ማጣት ነበር።

«ስሚ» አሉ ሚስ ጆአን ጥቂት ቆይተው። «ደሞዝ የለውም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት፣ እስከ መስከረም፣ አሥራ አንድ ኩሬ። ትልልቆቹን የሚይዝልኝ ሰው የለኝም። ምናልባት አንቺ—»

«አዎ።»

«ገና አልጨረስኩም እኮ።»

«አዎ» አልኩ።

«በነፃ ነው ያለችሽ?» አለ አባዬ።

«ገብቶኛል አባዬ።»

«እንግዲያው ጫማ ይገዛልሻል፤ በዚህ አትገቢም» አለና ጭቃ የሆነውን ጫማዬን አነሳው።

ያንን ወቅት በሙሉ ሠራሁ። በእኔ ቦታ የተቀጠረው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ጀልባ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። በሚቀጥለው ጸደይ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ ሚስ ጆአን ደወሉልኝ። ጥያቄያቸውን እስኪጨርሱ ታገስኳቸው፤ በዚያን ጊዜ ያን ያህል ጨዋነት ተምሬያለሁ። ከፋርማሲው ወጣሁ። ዛሬ እንጀራዬ ውሃ ነው፤ ኩሬ፣ ወንዝ፣ ጅረት።

ከዚያ ቀን በኋላ ተናጋሪ ሆንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። አሁንም ስብሰባ ላይ እጄን ከማውጣቴ በፊት ልቤ ይመታል። አሁንም ሰው ቤት «በልቼ ነው የመጣሁት» እላለሁ፤ ይህንን ልማድ አልጠላውም፣ ውስጡ ፍቅር አለበት። ለማኝም ተለማኝም ደንቡን እስካወቁት ድረስ ያምራል። አንደኛው የማያውቀው ቀን ግን ሕይወትን የሚያህል ነገር ካርድ ሆኖ ወደ ኪስ ይመለሳል። እናንተም ስንት ካርድ እንደተመለሰባችሁ አስቡት። ከእነዚያ መካከል ዛሬም ተመልሳችሁ ልትደርሱበት የምትችሉት ካለ፣ መኪና አስነሱ። ባትደርሱበት እንኳን ሂዱ፤ እኔ አልደረስኩበትም።

ባለፈው ጸደይ ለኩሬዎቹ አዲስ ሰው የምቀጥረው እኔ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ ኬሚስትሪ የተማረች ልጅ ኩሬ ዳር ቆማ ሥራችንን ስታይ አገኘኋት። ያነጋገረችኝ በሹክሹክታ ነው። «ከእኛ ጋር ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«አይ፣ ግድ የለም እትዬ።»

ሁለተኛ ጠየቅኳት።

«አይ፣ አላስቸግርዎት።»

ሦስተኛ አልጠየቅኳትም። ካርዴን በእጇ አስይዤ፣ የጎማ ሱሪዬን ለብሼ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ዞር ብዬ ላያት በጣም ፈልጌ ነበር፤ አልዞርኩም።

ሰኞ ጠዋት ደወለች።